ለሄደችው አንድ ስኒ

ተከታታይ ታሪክ

ክፍል አንድ፤ ቋጠሮው

እማዬ ቡና ስታፈላ ሁልጊዜ አንድ ስኒ ይተርፋል። ቤት ውስጥ አራት ሰው ካለ ረከቦቱ ላይ አምስት ስኒ ትደረድራለች፤ ስድስት ከሆንን ሰባት። ትርፉ ስኒ አፉ በአንድ በኩል የተሸረፈ ነጭ ስኒ ነው። አቦሉ ይቀዳበታል፤ ማንም ግን አያነሳውም። ሁለተኛው ሲደርስ ቡናው ቀዝቅዞ ይቆያል። ያኔ እማዬ ይዛው ወደ ጓሮ ትወጣና እንሰቱ ሥር ታፈሰዋለች። ልጅ ሳለሁ «የማን ነው?» ስላት መልሷ አንድ ቃል ነበር፦ «የሄደችው።»

ማን እንደሆነች የነገረችኝ አሥረኛ ክፍል ስደርስ ነው። የአያቷ ታላቅ እህት ናት። ዘመኑ 1890 ነው፤ የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከፋን የወጋበት፣ የመጨረሻው የከፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማርኮ ከአገሩ የወጣበት ጊዜ። ጦርነቱ መንደሩን ሁሉ ባዶ አስቀረው። ከሞት የተረፈው ተማረከ፤ ከተማረከው ብዙው ተሸጠ። ልጅቷ ውኃ ልትቀዳ ወደ ወንዝ ወረደች። እንስራዋ ዳር ላይ ተገኘ፤ እሷ አልተገኘችም። ኋላ አንድ መንገደኛ «ወደ ባሕር ሲነዷት አየሁ» አለ ይባላል። ቤተሰባችን ስለ እሷ ያለው ወሬ ይኸው አንድ ቃል ነው፤ ባሕር።

እንግዲህ ጥር 2018 ላይ «እማዬ፣ ዛንዚባር ልሄድ ነው» ስላት የያዘችውን ጀበና ቀስ አድርጋ አስቀመጠች።

«የት ነው እሱ?»

«ታንዛኒያ ነው። ደሴት ነው።»

«ደሴት ማለት?»

«ዙሪያውን ባሕር የከበበው መሬት።»

ሦስት ቀን አላናገረችኝም።

ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ ቦንጋ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን የተማርን። አንዷ አዲስ አበባ ነርስ ናት። አንዷ በቤት ሠራተኝነት ዱባይ ሄዳ አሁን ምግብ ቤት ውስጥ ትሠራለች። እኔ ቦንጋ ቀርቼ ቡና ቀማሽ ሆኛለሁ። ከዴቻ፣ ከጊምቦ፣ ከገዋታ የሚመጣውን ናሙና ቆልቼ፣ ፈጭቼ፣ በማንኪያ ሳብ እያደረግሁ ጣዕሙን እመዘግባለሁ። የቀመስኩት ቡና በመርከብ ተጭኖ ውቅያኖስ ያቋርጣል፤ እኔ ግን ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሐሳቡ የዱባይዋ ነው። «አራት ዓመት ባሕር ዳር ኖሬ እግሬን አልነከርኩም» አለችን በስልክ። «ከሥራ ወደ መኝታ፣ ከመኝታ ወደ ሥራ። ከእናንተ ጋር ካልሆነ አልነክርም።» ያን ቀን እቁብ ጀመርን። ዕጣ የሌለው እቁብ፤ ዕጣው ጉዞው ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የጣልነው ብር በዶላር ሲታሰብ ግማሽ ያህሉ ቀለጠ። አለቀስን፤ ደግሞ እንደ አዲስ ጣልን። ዛንዚባርን የመረጥነው ከአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሚበረር፣ ከዱባይም አውሮፕላን ስላለው ነው። ጊዜውንም እኔ መረጥኩ፤ ጥር ላይ የከፋ ቡና ለቀማ አልቆ እኔም እፎይ እላለሁ፤ እዚያም ዝናቡ ይቀንሳል።

በአራተኛው ቀን እማዬ አፏን ፈታች። «ብቻሽን አይደለሽም አይደል?»

«ከነርሷ ጋር ነው የምበረው። የዱባይዋ እዚያ ታገኘናለች።»

«ማይልኝ።»

ማልኩላት። ልወጣ ስል፣ ገና ጉሙ ከጫካው ላይ ሳይነሳ፣ በነጠላ ቁራጭ ጠበቅ ተደርጎ የታሰረ ነገር እጄ ላይ አኖረች። ቡጢ ያህላል። «ባሕሩን ሳታዪ እንዳትፈቺው» አለችኝ። «ስታዪው ምን እንደምታደርጊ ታውቂያለሽ።»

ከቦንጋ መናኸሪያ በሚኒባስ ተነሳሁ። መንገዱ ወደ ጎጀብ ሸለቆ ሲወርድ ብርዱ ጠፍቶ ሙቀቱ ፊቴን ያዘኝ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ወደ ውኃው አየሁ። ያቺም ልጅ ይህን ወንዝ ተሻግራለች፤ ከከፋ ወደ ጅማ የሚወጣ ሁሉ ሳይሻገረው አያልፍም። ልዩነታችን ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ የመመለሻ ትኬት አለኝ።

450 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ አዲስ አበባ ስገባ ነርሷ በር ላይ ጠበቀችኝ። ፊቷ ግን ከወትሮው ተለይቶብኛል። የሥራ ተራዋ ተቀይሯል፤ ከአራት ቀን በፊት መውጣት አትችልም። የእሷ ትኬት ቀኑ ይቀየራል፤ የእኔ በቅናሽ የተገዛ ነው፤ አይቀየርም። የዱባይዋም ፈቃዷ የሚጀምረው ከአራት ቀን በኋላ ነው።

«ወይ ትቀሪያለሽ፣ ወይ ቀድመሽን ትሄጃለሽ» አለችኝ።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ጎህ ሲቀድ ሻንጣዬን አነሳሁ። እማዬ ጋ አልደወልኩም።

ቦሌ ፓስፖርቴን የተቀበለው ሰው ገጹን አገላበጠ። «ብቻሽን ነሽ?»

«አዎ።»

«ማን ይቀበልሻል?»

«ማንም።»

ቀና ብሎ አየኝና እጁን አነሳ። አንዲት የደንብ ልብስ የለበሰች ሴት መጥታ ወደ ጎን ወሰደችኝ። የእጅ ቦርሳዬን ከፈተች። ቋጠሮውን አወጣች። ክብደቱን በመዳፏ ለካች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አላውቅም።»

«የያዝሽውን አታውቂውም?» ድምፅዋ ተለወጠ። «ፍቺው።»

ይቀጥላል

ክፍል ሁለት፤ ሦስት ሰዓት

ባለፈው ሳምንት፦ ለእናቷ «ብቻዬን አልሄድም» ብላ የማለችው ቡና ቀማሽ ብቻዋን ቦሌ ደረሰች፤ ባሕር ሳታይ እንዳትፈታው የተነገራትን ቋጠሮ ፍቺ ተባለች።

እጄን ቋጠሮው ላይ ጫንኩ። «እህቴ፣ እናቴ ናት ያሰረችው። ባሕር ሳላይ እንዳልፈታው ነግራኛለች። እባክሽ።»

ዝም ብላ አየችኝ። እኩያዬ ናት። «እኔ ለምን እንደምጠይቅሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ ቀስ ብላ። «እንዳንቺ ያሉ ልጆች በየቀኑ በዚህ በር ያልፋሉ። አንዳንዷ ማን እንደሚቀበላት አታውቅም። አንዳንዷ የተሰጣትን ዕቃ አታውቅም። ሲመለሱ የማያቸውም እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ ቁጣዬ በረደ። የተቆጣሁት እንዳላመነችኝ አድርጌ ስለወሰድኩት ነበር። እሷ ግን የምታስበው ስለ ሄዱት ነው። የመመለሻ ትኬቴን፣ የማረፊያዬን ደረሰኝ፣ የቪዛዬን ወረቀት፣ ዛንዚባር ከመስከረም 2017 ጀምሮ ከውጭ በሚመጣ ጎብኚ ላይ የጣለችውን የ44 ዶላር የጉዞ መድን ወረቀት አንድ በአንድ አሳየኋት። የሁለቱን ጓደኞቼን ትኬት በስልኬ ከፍቼ አሳየኋት።

ሁሉንም አነበበች። ቋጠሮውን ግን አልመለሰችልኝም፤ ይዛው ወደ መፈተሻ ማሽኑ ሄደች። ከመስታወቱ ፊት ስትቆም ጀርባዋን ብቻ አያለሁ። ትከሻዋ ላላ ሲል አየሁ። ተመልሳ ቋጠሮውን እንደታሰረ መዳፌ ላይ አኖረችው።

«ማሽኑ አይቶታል፣ እኔም አይቼዋለሁ» አለችኝ። «አልነግርሽም። ባሕሩ ጋ ፍቺው።» ከዚያ ፓስፖርቴን እየሰጠችኝ፣ «ስትመለሺ በዚህ በኩል እለፊ» አለች።

በመስኮት በኩል ነበር የተቀመጥኩት። ደመናው ከሥራችን እንደ ማለዳ የቦንጋ ጉም ተዘርግቷል። አጠገቤ ፈረንጅ ባልና ሚስት እጅ ለእጅ ተያይዘው ተኝተዋል። አስተናጋጇ ምግብ ስታቀርብልኝ «አብረውሽ ያሉት እነሱ ናቸው?» አለችኝ። «ብቻዬን ነኝ» ስል ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። በእኛ አገር ሴት ብቻዋን መንገድ ስትወጣ ሰው የሚጠይቀው «ምን ገጠማት?» ብሎ ነው። ወይ ተጣልታለች፣ ወይ ታማለች፣ ወይ ለቅሶ አለባት። ልታይ ብቻ መውጣቷን የሚገልጽ ቃል ፈለግሁ፤ አጣሁ።

ዛንዚባር ስንወርድ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ጋቢ ተጠመጠመብኝ። ከበሩ ውጭ ታክሲ የሚነዳው ጎልማሳ ባልና ሚስቱንም እኔንም አሳፈረን። ለእነሱ በነጋታው የሚወስዳቸውን ጉዞ ሲነግራቸው ሦስት ጣቱን አነሳ፤ «ሳ ታቱ» አለ። ባልየው ግራ ገባው። «በሦስት? ሌሊት?» ሹፌሩ ሳቀ፤ በስዋሂሊ አቆጣጠር ነው ያለው። ሰዓቱ የሚቆጠረው ፀሐይ ከምትወጣበት ጊዜ ጀምሮ ነው።

እኔ ግን ልቤ ዘለለ። ሦስት ሰዓት! እማዬ ጋ ያለው ሦስት ሰዓት፣ የቦንጋ ገበያ የሚሞቅበት ሦስት ሰዓት። ከአገሬ ወጥቼ በማላውቀው ቋንቋ የመጀመሪያውን ነገር ያለ አስተርጓሚ ተረዳሁ። ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ ይህን ደሴት አመንኩት። ያ እምነት ምን እንደሚያስከፍለኝ አላወቅሁም።

ማረፊያዬ ስቶን ታውን ውስጥ ነው፤ በ2000 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ የተመዘገበው አሮጌ ከተማ። ግድግዳው ከባሕር ድንጋይ የተሠራ ነው። በሮቹ ከባድ እንጨት ሆነው በነሐስ ጉብጉብ ያጌጡ ናቸው። አንዳንዶቹ መንገዶች ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፉም። ልብሴን ቀይሬ ባሕሩን ላይ ወጣሁ፤ ግራ ታጠፍኩ፣ ቀኝ ታጠፍኩ። መሸ። ስልኬ ሞተ። ሁሉም መንገድ አንድ መሰለኝ።

በጨለማው ውስጥ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ስኒ ከስኒ ሲጋጭ። የትም ብሆን የማውቀው ድምፅ ነው። ተከተልኩት። መንገዶቹ የሚገናኙበት ትንሽ አደባባይ ላይ ወጣሁ፤ ጆውስ ኮርነር ይሉታል። ሽማግሌዎች ደረጃ ላይ ተቀምጠው ዶሚኖ ይጫወታሉ። ሥሩ የከሰል ፍም ያለው የነሐስ ማንቆርቆሪያ የያዘ ቡና ሻጭ መሀላቸው ቆሟል።

«ካሪቡ ዳዳ፣ ካሃዋ!» አለኝ። ትንሿን ስኒ ተቀበልኩ። እንደ ልማዴ ሳብ አደረግሁ፤ ጠቆር ብሎ የተቆላ፣ ዝንጅብል የገባበት፣ ስኳር የሌለው። ሽማግሌዎቹ ድምፁን ሰምተው ዞሩ። አንደኛው እንግሊዝኛ ይችላሉ። «ቡና የምታውቅ ሴት ነሽ» አሉኝ።

«ሥራዬ ነው አባባ። ፍሬውን እናንተ ምን ትሉታላችሁ?»

«ቡኒ።»

«እኛ ጋ በከፊኛ ቡኖ ነው።»

«እኛ ጋ ማለት የት?»

«ኢትዮጵያ። ከፋ።»

ሽማግሌው ስኒያቸውን አስቀመጡ። ሌሎቹ በስዋሂሊ የሆነ ነገር ተባባሉ። ከዚያ ወደ ባሕሩ አቅጣጫ እጃቸውን ዘርግተው እንዲህ አሉኝ፦ «ሐበሻ ነሽ። ከአገርሽ ተሽጣ የመጣች ሴት በዚህች ከተማ ሱልጣን ወልዳለች። ያ ልጅ ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ?»

ይቀጥላል

ክፍል ሦስት፤ የአሸዋው ጉብታ

ባለፈው ሳምንት፦ ተጓዧ በስኒ ድምፅ ተመርታ ስቶን ታውን ውስጥ ቡና ከሚጠጡ ሽማግሌዎች ደረሰች። ከሐበሻ ሴት ስለተወለደ አንድ ሱልጣን ሰማች።

ስሙ ባርጋሽ ነው። ከ1870 እስከ 1888 እ.ኤ.አ. ዛንዚባርን ገዝቷል። በታሪክ እንደሚነገረው እናቱ ተገዝታ ቤተ መንግሥት የገባች ሐበሻ ነበረች። እህቱ ልዕልት ሳልሜ በ1886 እ.ኤ.አ. በጀርመን ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ፣ ስለ ቤተ መንግሥቱ ሐበሻ ሴቶች ጽፋለች። ይኸው ከተሸጠች ሴት የተወለደ ሱልጣን፣ እንግሊዞች አስጨንቀውት በ1873 እ.ኤ.አ. የዛንዚባርን የባሪያ ገበያ የሚዘጋውን ውል ፈረመ።

«ገበያው ቦታ ላይ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቷል» አሉኝ ሽማግሌው። «ነገ ሂጂ። ብቻሽን ሂጂ።» ከዚያ አንድ ልጅ ጠርተው እስከ ማረፊያዬ በር እንዲያደርሰኝ አደረጉ።

ሄድኩ። የአንግሊካን ካቴድራሉ ግቢ ውስጥ መሬቱ ተቆፍሮ አምስት የድንጋይ ሰዎች ቆመዋል፤ አንገታቸው በእውነተኛ ሰንሰለት የተያያዘ። ከአጠገቡ ካለው ሕንፃ ሥር ቀጥ ብለው የማይቆሙበት ክፍል አለ፤ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። በግድግዳው ላይ ያለችው ቀዳዳ ከመዳፌ ብዙ አትሰፋም። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ መሠዊያው የቆመው የመግረፊያው ምሰሶ በነበረበት ቦታ ነው ይላሉ።

አስጎብኚው ሲናገር አንድ ነገር በልቤ አስላሁ። እዚህ የተሸጡት አብዛኞቹ ከታንዛኒያ፣ ከማላዊ፣ ከኮንጎ ወገን የመጡ ናቸው። ከከፋ የተነዱት በጅማ፣ በጎጃም አድርገው ወደ ቀይ ባሕር ነበር የሚወርዱት። ደግሞም ገበያው የተዘጋው የእኛ ልጅ ከመወሰዷ ሃያ አራት ዓመት ቀድሞ ነው። ስለዚህ እዚህ አልቆመችም። ይህን ሳውቅ ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም። የት እንደቆመች አለማወቄ ነው የከበደኝ። ቀይ ባሕር ከዚህ ውኃ ጋር አንድ ነው። ወደ ባሕር ነዷት የተባለችን ሰው በባሕር ካልሆነ በምን ትፈልጋታለህ?

በሦስተኛው ቀን ወደ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ወደ ፓጄ ሄድኩ። ከጓደኞቼ ጋር የምንቆየው እዚያ ነው፤ ከሁለት ቀን በኋላ ይመጣሉ። መንገዱ በዛፎችና በኮኮናት መካከል ያልፋል። ሹፌሩ ቆም ብሎ አንድ ቅጠል ቆርጦ አስሸተተኝ፤ ሂል ነው። የእኛን ኮረሪማ አሰብኩ። ጫካ ውስጥ ከቡናው ጎን ለጎን የሚበቅለውን፣ እማዬ ቅቤ ስታነጥር የምትጨምረውን።

ጠዋት ተነስቼ ወደ ዳርቻው ስወርድ ባሕሩ የለም። በእርግጥ የለም! ውኃው ሸሽቶ፣ ሩቅ ነጭ መስመር ብቻ ሆኖ ይታያል። መሬቱ እርጥብ አሸዋና የውኃ ኩሬ ነው። ይህ በየቀኑ ሁለቴ ይሆናል። ጨረቃና ፀሐይ ውኃውን እየሳቡ ያጎድሉታል፣ ያሞሉታል፤ በዚህ አካባቢ ልዩነቱ እስከ አራት ሜትር የሚደርስበት ቀን አለ። ሩቅ ላይ ሴቶች ጎንበስ ብለው የባሕር ሣር ይለቅማሉ፤ ምዋኒ ይሉታል። በተተከለ እንጨት መካከል ገመድ ወጥረው ያለሙታል፤ አድርቀው ይሸጡታል። አጎነባበሳቸው ከቡና ለቃሚዎቻችን አይለይም።

ማረፊያው በር ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል፦ ዝቅተኛ ውኃ 10:00። ሰዓቴን አየሁ፤ አምስት ሰዓት ተኩል። ውኃው እስከ አሥር ሰዓት እየጎደለ ይቆያል፣ ጊዜ አለኝ አልኩ። ጫማዬን አጥልቄ፣ ቋጠሮውን ደረቴ ላይ አድርጌ ወደ ነጩ መስመር ተራመድኩ።

ውኃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ፣ እስከ ባቴ ደረሰ፤ ደግሞ ደረቅ አሸዋ ሆነ። ሴቶቹ ከረጢታቸውን በራሳቸው ተሸክመው ወደ ዳር ሲመለሱ በሩቅ አለፉኝ። አንዷ እጇን አወዛወዘች። ሰላምታ መስሎኝ እኔም አወዛወዝኩላት።

ከአንድ ከፍ ያለ የአሸዋ ጉብታ ላይ ደርሼ ቆምኩ። ፊቴ ማዕበሉ ይሰበራል፤ ከዚያ ወዲያ ሰማይና ውኃ እንጂ ሌላ የለም። ባሕር። ተንበርክኬ የእማዬን ቋጠሮ ፈታሁ። ጥርሴንም ተጠቅሜ ነው፤ እንዲያ አጥብቃ ነበር ያሰረችው።

ከነጠላው ውስጥ የወጣው ያ ስኒ ነው። አፉ በአንድ በኩል የተሸረፈው። ውስጡ አንድ እፍኝ የማይሞላ ጀንፈል ቡና አለ፤ ከነቅርፊቱ የደረቀ፣ ከጓሯችን።

ስንት ጊዜ እንደቆየሁ አላውቅም። ስልኬ ላይ ዋትሳፕ ጮኸ፤ ከማረፊያው ነው፦ «እህት፣ የት ነሽ? ውኃው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ እየሞላ ነው።»

10:00። የሰሌዳው ሰዓት የፈረንጅ ነበር።

ዞር አልኩ። የመጣሁበት አሸዋ የለም። በእኔና በዳርቻው መካከል ሰማያዊ ውኃ ይፈስሳል። ጉብታዬ ከእግሬ ሥር እያነሰ ነው። ዋና አልችልም።

ይቀጥላል

ክፍል አራት፤ የመጨረሻው

ባለፈው ሳምንት፦ ሰዓቱን በአገሯ አቆጣጠር ያነበበችው ተጓዥ የባሕሩ ሙላት ከበባት። እጇ ላይ «የሄደችው» ስኒ አለ።

መጀመሪያ የመጣልኝ የእማዬ ፊት ነው፤ እንዲህ የሚል፦ «ከእኛ ቤት ወደ ባሕር የሄደ አልተመለሰም።» ይህን ዓረፍተ ነገር እኔ ልደግምላት ነው? አንዲት ሴት ተነድታ ጠፋች፤ ሌላዋ በገዛ እግሯ ሄዳ ልትጠፋ ነው?

ጮህኩ። ነፋሱ ድምፄን በላው። ስኒውን በሁለት እጄ ደረቴ ላይ አጥብቄ ወደ ዳርቻው ገባሁ። ውኃው እስከ ጉልበቴ፣ እስከ ወገቤ መጣ። ከሥር የሚጎትት ነገር አለው፤ ጎጀብ ሲሞላ እንደዚያ ነው። እግሬ ድንጋይ መታ፤ ተንገዳገድኩ።

ያን ጊዜ አየኋት። እጇን ያወዛወዘችልኝ ሴት ነች። ከረጢቷን ዳር ጥላ ተመልሳለች። ቀሚሷ በውኃው ላይ እንደ ጃንጥላ ተነፍቷል። ቀጥታ አልመጣችም፤ ዞራ፣ እሷ በምታውቀው ከፍ ባለው መሬት ላይ ነበር የምትራመደው። ጥቂት ክንድ ሲቀራት ቆመችና ሁለት እጇን ዘረጋች።

«ንጆ!» አለችኝ። ነይ ማለት ነው።

አንድ እጄን ዘረጋሁ። ውኃው ደረቴ ላይ ነው። ጣቶቿን ነካሁ፤ አንሸራተቱኝ። «ሁለቱንም!» በምልክት አሳየችኝ። ወደ ስኒው ጠቆመች። «አቻ! አቻ!» ትርጉሙን አላውቅም፤ ግን ገባኝ። ተዪው።

አንድ ዕድሜ ሙሉ ማንም ያላነሳው ስኒ ነው። እማዬ ከእናቷ፣ እናቷ ከእናቷ የተቀበለችው ነው። ማዕበሉ ከኋላ መታኝና አገጬ ውኃ ነካ። አየኋት፤ ሴትየዋን። የማታውቀኝ፣ ስሜን ያልጠየቀችኝ፣ ለእኔ ብላ ተመልሳ ውኃ የገባች።

እጄን ፈታሁ።

ስኒው ሲሰምጥ ነጭነቱ ለጥቂት ጊዜ ይታየኝ ነበር። ጀንፈሉ ግን ተንሳፈፈ፤ ጥቋቁር ፍሬዎች አንድ በአንድ ተበታተኑ። ሴትየዋ ሁለቱን እጆቼን ይዛ ጎተተችኝ። በየትኛው ድንጋይ ላይ እንደምቆም እግሯ ነበር የሚመራኝ። ዳር ስንደርስ ሁለታችንም አሸዋው ላይ ወደቅን። ጓደኞቿ ካንጋ ይዘው መጡ፤ በቀለማት ያሸበረቀ ጨርቅ ነው፤ አለበሱኝ። አንዷ ሻይ አመጣች። «አሳንቴ» ከማለት በቀር ቃል አልነበረኝም፤ ደጋግሜ አልኩት። ሴትየዋ ውስጥ እግሬን አገላብጣ እያየች፣ የተሰበረ የባሕር እሾህ በጥፍሯ አወጣችልኝ። እማዬም እንዲሁ ነው የምታደርገው።

ሲመሽ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ ሁለት በደል አለብኝ» አልኳት። «ብቻዬን ነኝ። ከአዲስ አበባ ጀምሮ ብቻዬን ነኝ። ምዬልሽ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት?»

«ቦሌ ደርሰሽ አልደወልሽም። ሰው ያለው ሰው ይደውላል።» ዝም አለች። «ሁለተኛውስ?»

አለቀስኩ። ስለ ውኃው ነገርኳት፤ ስለ ሴትየዋ፤ ስለ ሁለቱ እጆች። «ስኒው ጠፋብኝ እማዬ። ባሕሩ ወሰደው። መልሼ ላመጣልሽ አልቻልኩም።»

ከስልኩ ወዲያ የፍም ድምፅ ሰማሁ። ቡና እያፈላች ነበር። ብዙ ቆየች።

«ስኒውን መልሺልኝ ብዬሻለሁ?» አለችኝ በመጨረሻ። «እሱ የእሷ ነው። ላክሁላት፤ ደረሰ። እኔ መልሺልኝ ያልኩሽ አንቺን ነው።»

በነጋታው ከሁለቱም መልእክት መጣ። ነርሷ «በ9 ሰዓት እንደርሳለን» ብላ ጻፈች፤ የዱባይዋ «በ3 ሰዓት»። ሳቅሁ፤ የሁለቱም ሰዓት ያው አንድ ነው። አሁን የትኛው የማን እንደሆነ ሳልጠይቅ አላልፍም ብዬ ለሁለቱም መልሼ ጠየቅሁ። ከዚያ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሄጄ ከበሩ ውጭ ቆምኩ። አራት ቀን ቀድሜያቸው መምጣቴ ሲከነክነኝ ነበር። ሻንጣቸውን እየገፉ፣ በሙቀቱ ደንግጠው፣ ዓይናቸው ሰው ሲፈልግ ሳይ ግን አንድ ነገር ገባኝ። እኔ ስመጣ ማንም አልነበረም፤ እነሱ ሲመጡ እኔ አለሁ። አንድ ሰው ቀድሞ መሄድ አለበት።

ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም ፓጄ ዳርቻ ላይ ቆምን። ሰሌዳውን አንብበን፣ ሰዓቱንም አጣርተን። ያቺ ሴት ከጓደኞቿ ጋር ከዳር ቆማ ታየናለች። የዱባይዋ ጫማዋን አወለቀች፤ እግሯን ነከረች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ለረጅም ጊዜ ምንም አላለችም።

ስመለስ ቦሌ ላይ ያቺን የደንብ ልብስ የለበሰች ሴት ፈለግኋት። ከሩቅ አየችኝና መዳፏን ከፍታ አሳየችኝ፤ «የታል?» ማለቷ ነው። እኔም ባዶ መዳፌን ዘርግቼ አሳየኋት። ራሷን ነቀነቀች።

ቦንጋ የደረስኩት ማታ ነው። ቤቱ በጭስና በቡና ሽታ ተሞልቷል። እማዬ፣ አባዬ፣ ጎረቤታችንና እኔ፤ አራት ነን። ረከቦቱን አየሁ። አራት ስኒ ተደርድሯል።

ጎረቤታችን ልማዱን ስለሚያውቁ ጠየቁ፦ «የሄደችውስ?»

እማዬ ጀበናውን አነሳች። የመጀመሪያውን ስኒ ሞልታ ለእኔ አቀበለችኝ።

«ይቺው፣ መጣች» አለች።

ተፈጸመ